የቀኝ ዘመም ሕዝበኞች የመደብ ጥንቅር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀኝ ዘመም ሕዝበኝነት ማለት ምን ማለት ነው?

ሕዝበኝነት ወይም ፖፑሊዝም አገርን ለሁለት ከፍሎ የሚያይ ፖለቲካ ነው፦ በአንድ በኩል ቅኑና ለፍቶ አዳሪው ሕዝብ፣ በሌላ በኩል ሕዝቡን የከዱት ልሂቃን። ግራ ዘመሙ ሕዝበኛ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ባለ ሀብቱና ወደ ባንኩ ነው። ቀኝ ዘመሙ «ልሂቅ» የሚለው ግን ዳኛውን፣ ጋዜጠኛውን፣ ፕሮፌሰሩንና የመንግሥት ሹሙን ነው፤ እነዚህ ሰዎች ስደተኛውንና አናሳውን አቅፈው የአገሩን ሰው ገፉት ይላል።

ለመደብ ጥያቄ ቁልፉ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጠላት የሚባለው ሀብታሙ ሳይሆን የተማረው አዛዥ ከሆነ፣ ባለ ፋብሪካውና ተቀጣሪው በአንድ ሰልፍ መቆም ይችላሉ። ስሙ ሲወለድ ግን ቀኝ አልነበረም። በ1892 በኦማሃ ከተማ አቋሙን ያወጀው የአሜሪካ የሕዝብ ፓርቲ የገበሬዎች ንቅናቄ ነበር፤ የባቡር ሐዲድ በመንግሥት እጅ እንዲሆን፣ ገቢ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል ግብርም እንዲጣል ይጠይቅ ነበር።

መደብ የሚለካው በምንድን ነው?

በሥራ ዓይነት፣ በገቢ፣ በትምህርት ደረጃ፣ አንዳንዴም ሰውየው ራሱን ምን ብሎ በሚጠራው። ክርክሩ ማለቂያ ያጣው ተከራካሪዎቹ የያዙት መለኪያ ስለሚለያይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ሦስት ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ የቧንቧ ሥራ ተቋራጭ አለ እንበል። ጎረቤቱ ደግሞ ማስተርስ ዲግሪ ያላት፣ ኪራይ ከፍላ ወር መድረስ የሚከብዳት ወጣት አስተማሪ ናት። በገቢ ከሄድን እሱ ይበልጣታል፤ በትምህርት ከሄድን እሷ ትበልጠዋለች። በጥንቱ የመደብ ትንተና እሱ ንዑስ ከበርቴ (አነስተኛ ባለ ንብረት)፣ እሷ ደመወዝተኛ ናት። አንዱ ጸሐፊ እሱን «የሠራተኛው መደብ መራጭ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ባለ ንብረት» ይለዋል፤ ስለ አንድ ሰው እየተናገሩ አይገናኙም።

ደጋፊዎቹ ድሆች ናቸው?

በብዛት አይደሉም። በ2016 በአሜሪካ የቅድመ ምርጫ ወቅት የዶናልድ ትራምፕ መራጮች መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ በዓመት 72,000 ዶላር ገደማ እንደሆነ ተገምቶ ነበር፤ የአገሪቱ ግን 56,000 ዶላር አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት በዋናው ምርጫ ከ50,000 ዶላር በታች ገቢ ካላቸው መራጮች አብላጫውን ያገኘችው ሂላሪ ክሊንተን ናት። በ2024 ግን ሥዕሉ ተገላበጠ፤ ከድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁት መራጮች እንደተናገሩት፣ ከ100,000 ዶላር በታች ገቢ ባላቸው ዘንድ ትራምፕ፣ ከዚያ በላይ ባላቸው ዘንድ ደግሞ ካማላ ሃሪስ መርተዋል።

በብዙ አገሮች የመጨረሻው ድሃ የሚመርጠው ትልቁ «ፓርቲ» ቤት መቅረት ነው። ሥራ የሌለው፣ ቤቱ ያልተረጋጋ፣ ከቦታ ቦታ የሚንከራተት ሰው ድምፅ መስጫው ድረስ አይሄድም። ቀኝ ዘመም ሕዝበኞች በብዛት የሚያገኙት ከታች ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ላይ የቆመውን ነው፤ ሥራ ያለውን፣ ምናልባትም የቤት ዕዳ የሚከፍለውን፣ ወደ ታች ሲያይ ግን እግሩ የሚንቀጠቀጥበትን።

ታዲያ «የሠራተኛው ፓርቲ ሆነዋል» የሚባለው ከየት መጣ?

ከእውነተኛ ቁጥር። በ2022 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሁለተኛ ዙር የቀኝ ዘመሞቹ እጩ ማሪን ለፔን በአገር ደረጃ 41.5 ከመቶ ስታገኝ፣ ድምፅ ከሰጡት የፋብሪካና የጉልበት ሠራተኞች ግን ሁለት ሦስተኛው ያህል መርጠዋታል። በ2025 የጀርመን ምርጫ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ቀኝ ዘመም ፓርቲ በጠቅላላው 20.8 ከመቶ ሲያገኝ ከሠራተኞች 38 ከመቶ አግኝቷል። በ2016ቱ የኦስትሪያ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የነጻነት ፓርቲው እጩ ኖርበርት ሆፈር ቢሸነፍም፣ ከሠራተኞች ከአሥሩ ስምንት በላይ ደግፈውታል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ከሠራተኞች ስንቱ መረጣቸው?» እና «ከመራጮቻቸው ስንቱ ሠራተኛ ነው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በፈረንሳይ የጉልበት ሠራተኛው ከጠቅላላው ሥራ ላይ ካለው ሕዝብ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ጡረተኛው ሲጨመርበት በመራጩ ውስጥ ያለው ድርሻ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛው ቢመርጣቸው እንኳ ከድምፃቸው የሚበዛው የሚመጣው ከሌላ ነው፤ ከሻጩ፣ ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ ከጡረተኛው፣ ከባለ ሱቁ።

በብሪታኒያ የታየው ይህንኑ ያሳያል። በ2016 ሕዝበ ውሳኔ ከጉልበት ሠራተኞችና ከሥራ አጦች 64 ከመቶ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጥተዋል፤ አርዕስተ ዜናው ሁሉ በሰሜን እንግሊዝ የተዘጉ የከሰል ማዕድን ከተሞች ሆነ። መካከለኛው መደብ ግን ብዙ ነው፣ ለድምፅ መስጠትም ይወጣል። «እንውጣ» ካሉት መራጮች የሚበዙት ከመካከለኛው መደብ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የኖሩት በደቡብ እንግሊዝ ነው። ይህ ክፍል በካሜራ ፊት ሲቀርብ ያየነው ከስንት አንዴ ነው።

ባለ ሱቁና አነስተኛ ነጋዴውስ የት ቆመዋል?

እኔን ቢጠይቁኝ የታሪኩ ዋና ሰው እሱ ነው። ሐምሌ 1953 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኝ ሴን ሴሬ በምትባል ትንሽ ከተማ የግብር ተቆጣጣሪዎች የነጋዴዎችን መዝገብ ሊመረምሩ መጡ። የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የነበረው ፒየር ፑጃድ የከተማውን ባለ ሱቆች አሰባስቦ በራቸው ላይ አቆማቸው፤ ተቆጣጣሪዎቹ ሳይመረምሩ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ፑጃድ የነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች መከላከያ ማኅበር መሠረተ። ጥር 1956 ንቅናቄው ወደ 2.5 ሚሊዮን ድምፅና 52 የምክር ቤት ወንበሮች አገኘ። ከተመራጮቹ አንዱ የ27 ዓመቱ ዣን ማሪ ለፔን ነበር፤ ብሔራዊ ግንባር የተባለውን ቀኝ ዘመም ፓርቲ በ1972 ካቋቋሙት ዋነኛው እሱው ነው። የልጁ የማሪን ፓርቲ የዘር ሐረግ እንግዲህ ከፋብሪካ ሳይሆን ከሱቅ ባንኮኒ ይነሣል።

ነጋዴው ለምን? ከላይ ትልልቁ የገበያ ሰንሰለት፣ ባንኩና ግብር ሰብሳቢው ይጫኑታል፤ ከታች ደግሞ የተቀጣሪው የደመወዝ ጥያቄና የሠራተኛ ሕጉ። ሲከስር የሥራ አጥ አበል አይጠብቀውም፤ የሠራተኛ ማኅበር ወጥቶ አይሰለፍለትም። ያለው ሁሉ በራሱ እጅ የተገኘ ስለሚመስለው «ሳይለፉ የሚበሉ» የሚለው ንግግር ልቡን ይነካዋል፤ ከላይ ያለውን ሹም ለመጥላትም ከታች ያለውን ተረጂ ለመናቅም የተመቸ ቦታ ላይ ነው የቆመው።

ጥር 6 ቀን 2021 የአሜሪካን ምክር ቤት ጥሰው ከገቡት የትራምፕ ደጋፊዎች መካከል መጀመሪያ የታሰሩትን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑ፣ 40 ከመቶ ያህሉ የንግድ ባለቤቶች ወይም የቢሮ ባለሙያዎች ሆነው ተገኝተዋል። ሥራ አጥ የነበሩት 9 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ትምህርት ከገቢ የበለጠ ለምን ይለያል?

ዛሬ ዲግሪ እውቀት ብቻ አይደለም፤ የሥራ ዓይነትን፣ የመኖሪያ ከተማን፣ ትዳርን ሳይቀር የሚወስን መታወቂያ ሆኗል። በ2016 በአሜሪካ ዲግሪ ከሌላቸው ነጮች ሁለት ሦስተኛው ትራምፕን መርጠዋል፤ በነሱ ውስጥ ደህና ገቢ ያላቸው ብዙ ናቸው። በምዕራብ አውሮፓ ደግሞ ከሕዝበኞቹ በጣም የሚርቁት አስተማሪዎች፣ ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ናቸው፤ ደመወዛቸው ግን ከከፍተኞቹ ጎራ አይመደብም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር በመነጋገር የሚያልፍ ሥራና ከማሽን ወይም ከትእዛዝ ጋር የሚያልፍ ሥራ ሰውን በተለያየ መንገድ ይቀርጸዋል።

በ1950ዎቹና 60ዎቹ ብዙ ያልተማረው መራጭ ወደ ግራ፣ የተማረው ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። ምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ቶማ ፒኬቲ የፈረንሳይን፣ የብሪታኒያንና የአሜሪካን የምርጫ መረጃ አሰባስቦ እንዳሳየው፣ ይህ ቀስ በቀስ ተገልብጦ የግራ ፓርቲዎች የተማሩት ፓርቲ ሆኑ። ሀብታሙ በአመዛኙ በቀኝ እንደቆየ፣ ዲግሪ ያለው ወደ ግራ ተሻገረ። ዲግሪም ሀብትም የሌለው ሰው «የኔ» የሚለው ወገን ያጣው ያኔ ነው።

ሠራተኞቹ የመጡት ከግራ ፓርቲዎች ነው?

የተወሰኑት አዎ፤ የሚበዙት አይደሉም። ትናንት ኮሚኒስት፣ ዛሬ ለፔን የሚለው ታሪክ ለጋዜጣ ይመቻል። ነገር ግን ከሠራተኛው ውስጥ ሁልጊዜም ቀኝን የሚመርጥ ነበር፤ በብሪታኒያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከሠራተኞች አንድ ሦስተኛው ያህሉ ወግ አጥባቂዎችን ይመርጡ ነበር፣ በፈረንሳይም የቀኙን መሪ ጄኔራል ደ ጎልን የደገፈው ሠራተኛ ጥቂት አልነበረም። የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲዎች ያጡትን ድምፅ የተከታተሉ ጥናቶችም የሚበዛው የሄደው ወደ አካባቢ ተቆርቋሪዎቹ አረንጓዴ ፓርቲዎችና ወደ መሀል ቀኝ እንደሆነ አሳይተዋል።

ትልቁ ለውጥ የትውልድ ይመስለኛል። አባትየው በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ግራን መረጠ፤ ልጁ ሥራ ሲጀምር ማኅበሩ የለም፣ ፋብሪካው ተከፋፍሎ ለንዑስ ተቋራጮች ተሰጥቷል። ይህ ልጅ ከግራ አልሸሸም፤ ግራ ቤቱ ደርሶ አያውቅም።

መሪዎቹና ገንዘብ ሰጪዎቹ ከየትኛው መደብ ናቸው?

ከላይኛው። ትራምፕ የሕንፃ ባለሀብት ልጅ ነው። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ የታገለው ናይጀል ፋራዥ የአክሲዮን ደላላ ልጅ ሲሆን ራሱም በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ነጋዴ ነበር። የስዊዘርላንድን ሕዝብ ፓርቲ፣ ሥሩ የገበሬዎች ፓርቲ የሆነውን፣ ወደ አንደኛነት ያወጣው ክሪስቶፍ ብሎኸር የኬሚካል ኩባንያ ባለቤት የነበረ ቢሊየነር ነው። በጣሊያን ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ በ1994 ወደ ሥልጣን የመጣው የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይዞ ነው። ዣን ማሪ ለፔን በ1976 ከአንድ የሲሚንቶ ባለጸጋ ወራሽ መኖሪያ ቪላና ሀብት ወርሷል። «አማራጭ ለጀርመን» በ2013 ሲመሠረት የዩሮን የዕዳ ማዳን ዕቅድ የሚቃወሙ የኢኮኖሚ ፕሮፌሰሮች ስብስብ ነበር።

ተከታዩን ይህ አያሳፍረውም፤ «ሀብታም ስለሆነ አይገዛም» ይላል።

ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭስ ሥዕሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ እዚህ ላይ የምዕራቡን ቀመር ይዞ መሄድ ያሳስታል። የሕንዱ ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በላይኛው ካስት (በትውልድ የሚወሰን የማኅበረሰብ ደረጃ) እና በነጋዴው ፓርቲነት ነው። በፓርቲው ስም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ናሬንድራ ሞዲ ግን የሻይ ሻጭ ልጅ ነው፤ የመጣውም «ሌሎች ኋላ ቀር መደቦች» ተብለው በሕግ ከተመዘገቡት ማኅበረሰቦች ነው። በ2014 በ31 ከመቶ ድምፅ ብቻውን አብላጫ ወንበር ሲያገኝ፣ የድሮዎቹን ሳይለቅ ከእነዚህ ማኅበረሰቦች ብዙ ድምፅ ጨምሮ ነው። ሕንድ ውስጥ መደብን ያለ ካስት መተንተን በአንድ እጅ ማጨብጨብ ነው።

በብራዚል ሥዕሉ ለግራዎቹ የተለመደ ዓይነት ነው። በ2018 ዣየር ቦልሶናሮ በ55 ከመቶ ሲያሸንፍ፣ ድሃው ሰሜን ምሥራቅ ግን ዘጠኙም ክፍለ ግዛቶች ተቀናቃኙን የሠራተኞች ፓርቲ መርጠዋል። ቦልሶናሮ የተሻለ ገቢ ያለውን፣ ሰፋፊ እርሻ ያለውንና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን ምእመን ይዞ ነው የቆመው። ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ብዙ ድሃ አለ፤ ወደዚያ ሰልፍ ያስገባው ግን እምነቱ ነው።

የሚደግፋቸው ሠራተኛ ነጭ ብቻ ነው?

በ2016 በአሜሪካ እንደዚያ ማለት ይቻል ነበር፤ ከ2024 በኋላ አይቻልም። ከነዋሪዎቿ ከ95 ከመቶ በላይ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው፣ በቴክሳስ የሜክሲኮ ድንበር ላይ የምትገኘው ስታር ካውንቲ በ2024 ትራምፕን መረጠች፤ የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ ስትመርጥ ከ1892 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ነገሩ የኪስ ነው ወይስ የማንነት?

ጥያቄው ራሱ ሁለቱን በግድ ያፋታል። ሰው ሥራውን ሲያጣ ገንዘብ ብቻ አያጣም። ብረት አቅላጭ የነበረ ሰው በከተማው ውስጥ ስም ነበረው፤ ልጁ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲደረድር ደመወዙ ብዙ ባያንስ እንኳ ያ ስም የለም። ተመራማሪዎች «በኅብረተሰቡ ውስጥ ራስህን የት ታስቀምጣለህ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቦታዬ ዝቅ አለ የሚለው ሰው ወደ ቀኝ ሕዝበኛ የማድላት ዕድሉ ይጨምራል። ስደተኛው የሚታየው በዚህ መነጽር ነው።

በትክክል የወደቀውና ልውደቅ ይሆን ብሎ የሚፈራው ደግሞ አንድ አይደሉም። ተደጋጋሚ ሥራ የሚሠሩ፣ በማሽን ሊተኩ የሚችሉ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሥራውን አጥቶ የወረደው ከፖለቲካው ይርቃል፤ ጓደኞቹ ሲሰናበቱ እያየ በቦታው የቀረው ነው ወደ ሕዝበኞቹ የሚሄደው።

በ1930ዎቹ ከናዚ መራጮች ጋር በመደብ ይመሳሰላሉ?

ለረጅም ጊዜ የተነገረው ናዚዎች የተደናገጠው መካከለኛ መደብ ፓርቲ ናቸው የሚል ነው፤ ሶሲዮሎጂስቱ ቴዎዶር ጋይገር ይህንን የጻፈው በ1930 ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሐምሌ 1932 ናዚዎች በአገር ደረጃ 37.3 ከመቶ ሲያገኙ፣ የፕሮቴስታንት ገበሬዎች በሚበዙባት በሽሌስቪግ ሆልሽታይን 51 ከመቶ አግኝተዋል። ሥራ ያጣው ወዛደር ግን ይበልጥ ያዘነበለው ወደ ኮሚኒስቶች ነበር። በኋላ የተሠሩት ትንተናዎች ሁለት ነገር ጨመሩ፦ በሀብታም ሰፈሮችም ድጋፋቸው ከፍተኛ ነበር፤ ከድምፃቸው ቀላል የማይባለው ክፍልም ከሠራተኛ ቤተሰብ መጥቷል። ከመደብ ይልቅ ሃይማኖት የተሻለ ይለይ ነበር፤ ካቶሊኩ በአብዛኛው ርቋቸዋል።

የዛሬዎቹን ከእነሱ ጋር በአንድ ቃል መጥራት ትክክል አይመስለኝም። የሚያመሳስላቸው ከየመደቡ ቆንጥረው መውሰዳቸው ነው። የሚለያቸው ደግሞ ያኔ ሠራተኛውን አጥረው የያዙት ማኅበራትና ፓርቲዎች ዛሬ መሳሳታቸው ነው።

ሥልጣን ሲይዙ የሚሠሩት ለየትኛው መደብ ነው?

ሕጉን ማየት ነው። በኦስትሪያ የነጻነት ፓርቲው በጥምር መንግሥት ውስጥ ሳለ በ2018 የወጣው ሕግ ሠራተኛን በቀን እስከ 12፣ በሳምንት እስከ 60 ሰዓት ማሠራት ፈቀደ። በሃንጋሪ የኦርባን መንግሥት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቀጣሪ የሚጠይቀውን የትርፍ ሰዓት ጣሪያ በዓመት ከ250 ወደ 400 ሰዓት አነሣው፤ ሒሳቡም እስከ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ተፈቀደ። ሠራተኞች «የባርነት ሕግ» ብለው በውርጭ አደባባይ ወጡ። በአሜሪካ የ2017ቱ ሕግ የኩባንያዎችን የትርፍ ግብር ከ35 ወደ 21 ከመቶ ቀነሰ።

ፖላንድ ከዚህ ትለያለች፤ መካድም የለበትም። ሕግና ፍትሕ ፓርቲ በ2016 ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ለእያንዳንዱ በወር 500 ዝሎቲ መክፈል ጀመረ፤ የጡረታ ዕድሜን ዝቅ አደረገ። ድምፁ በ2015 ከነበረው 37.6 ከመቶ በ2019 ወደ 43.6 ከፍ ብሏል። ያ ገንዘብ ለገጠር እናቶች የጫማና የትምህርት ቤት ወጪ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት መንግሥታት ደግሞ «በጀቱ አይችልም» ሲሏቸው ኖረዋል።

እንግዲያው የሚመርጣቸው ሠራተኛ ተታሎ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ በሰሜን ፈረንሳይ ያለችውን ኤነን ቦሞን ይመልከት። የከሰል ከተማ ነበረች፤ በአካባቢው የመጨረሻው ከሰል የወጣው በታኅሣሥ 1990 ነው። ከከሰሉ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ያሳደረው አጠገቧ የነበረው የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ ጥር 2003 ዋናው ባለ አክሲዮን እጁን ሲያነሣ ተዘጋ፤ 830 ሠራተኞች ተበተኑ፣ አፈሩ በእርሳስ እንደተበከለ ቀረ። ከተማዋን ለአሥርተ ዓመታት ያስተዳደሩት ሶሻሊስቶች ነበሩ፤ ከንቲባው በ2009 በሕዝብ ገንዘብ ጉዳይ ታሰረ።

በነዚያ ዓመታት የብሔራዊ ግንባሩ ሰዎች ገበያ ውስጥ በራሪ ወረቀት ሲያድሉ ነበር፤ እጩአቸው ስቲቭ ብሪዋ ያደገው እዚያው ከተማ ነው። ፓርቲው የግብር ተቃዋሚ ነጋዴዎችን ቋንቋ ትቶ ስለ ፋብሪካና ስለ ጡረታ መናገር የጀመረውም በዚህ አካባቢ ነው። መጋቢት 2014 ብሪዋ በመጀመሪያው ዙር በ50.3 ከመቶ ከንቲባ ሆነ፤ በ2020 በ74 ከመቶ ተመለሰ። የሠራተኞቹ ግምት ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ልንከራከርበት እንችላለን፤ እኔ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። ሌላ ሰው ግን በራቸውን አላንኳኳም።